በወረቀት ስልሳ ሰባት

ቅዳሜ ጠዋት ሀብተሥላሴ መታጠቢያ ቤት የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን በቅባት እያሸ ሳለ፣ ልጁ ፋና ከግድግዳው ማዶ በስልክ ስታወራ ሰማት። የሚኖሩበት የኖርዝ ላስ ቬጋስ አፓርታማ ግድግዳው ስስ ነው፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ ይማርህ የሚያሰኝ ዓይነት። ልጅቷ የምታወራው በእንግሊዝኛ ነበር። «አባቴ እኮ ስልሳ ሰባት ዓመቱ አይደለም» አለች ለጓደኛዋ። «እውነተኛ ዕድሜው ሃምሳ ዘጠኝ ነው። ታሪኩን በሙሉ ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ ዛሬ መጥተሽ ታዪዋለሽ።» የሀብተሥላሴ እጅ ጉልበቱ ላይ ቀረ። ቅባቱ ማቃጠል እስኪጀምር ድረስ እንደዚያው ተቀመጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀብተሥላሴ የተወለደው በመስከረም 1959 ነው፤ በኛ አቆጣጠር። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ገዳሪፍ የስደተኛ ካምፕ ሲደርስ ሙቀቱ ያማረረው አንድ ጸሐፊ መቼ እንደተወለደ ጠየቀው፤ እሱ «ሃምሳ ዘጠኝ» አለ፤ ጸሐፊው 1959 ብሎ ጻፈ፤ በፈረንጅ። ወሩንና ቀኑን የጠየቀ ስላልነበረ ጃንዋሪ አንድ ሆነ። በዚህች ወረቀት መሠረት ሀብተሥላሴ ከታላቅ ወንድሙ በአምስት ዓመት ይበልጣል። ወንድሙ ይህን ሲሰማ ለሁለት ወር አኩርፎት ነበር። እዚህ ካሉት ሐበሾች መሃል ግን ይህ ወሬ እንኳን አይሆንም። በሱ ዕድሜ ያሉ ወንዶች ዓመት ሲጠያየቁ «በወረቀት ነው ወይስ በእውነት?» ይባባላሉ፣ ሁለቱንም ሰምተው ያልፋሉ። ጓደኛው የሺዋስ ለምሳሌ የካምፑ ትምህርት ቤት ልጆች ብቻ ይቀበላል ሲባል ስድስት ዓመት ቀንሶ አስጻፈ፤ ዛሬ በስልሳ ስድስት ዓመቱ፣ በወረቀት ስልሳ ሆኖ፣ ታክሲ ይነዳል። ሀብተሥላሴን ባየ ቁጥር «አንተ ባለ ዕጣ» ይለዋል። እውነቱን ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በቁማር ማሽን መሃል የሰው ሻንጣ ሲገፋ ኖሮ አንዲት ሳንቲም ያላስገባው ሀብተሥላሴ፣ በዚህ ከተማ የደረሰው ጃክፖት ቢኖር የገዳሪፉ ጸሐፊ ስሕተት ነው። የጡረታው ደብዳቤ መጥቷል። የመጨረሻ ሺፍቱ ፌብሩዋሪ ሃያ ስምንት ነው፤ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የግራ ጉልበቱን ያዩት ሐኪም ደግሞ ሁለት ሳምንቱንም ቢተወው ደስ እንደሚላቸው ነግረውታል።

ወጥ ቤት ሲገባ ሚስቱ ስሜነሽ እንቁላል ትጠብሳለች። ቅዳሜ በሰው ቤት ተቀጥራ አሮጊት የማትጠብቅበት ብቸኛው ቀን ስለሆነ በነጠላ ጫማ እየተንሸራተተች፣ ሰፊ ጊዜ እንዳለው ሰው ነው የምትሠራው።

«ልጅሽ ዕድሜዬን ለሕዝብ ልታወጣው ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሥዕል ነው ያለችኝ» አለች ስሜነሽ ዞር ሳትል። «ሥዕል ደግሞ ማን ያነባል?»

እሷን አይቶ መናደድም አይቻልም። ልታገባው ስትል ታላቅ ወንድሟ የመንጃ ፈቃዱን ከኪሱ አስወጥቶ አይቶ «ይሄማ ሽማግሌ ነው» ብሎ ሰርጉን ሊያስቀር ምንም አልቀረውም ነበር፤ ጎንደር ድረስ ተደውሎ ክርስትና ያነሱት ሰውዬ መመስከር ነበረባቸው። ከዚያ ወዲህ ለስሜነሽ የባሏ ዕድሜ ያለቀ ጉዳይ ነው። ሀብተሥላሴ እንቁላሉን ቆሞ በላ። ልጅቷን ጠርቶ ተይ እንዳይላት አንድ ችግር ነበረበት፤ ታሪኩን የነገራት ራሱ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ የጸሐፊውን ድምፅ እያስመሰለ። ከሁሉም ተረቶቹ የወደደችው እሱን ነበር፤ ድገምልኝ እያለች ስንት ምሽት አስደግማዋለች።

የኤግዚቢሽኑ ማስታወቂያ ማቀዝቀዣው ላይ ከተለጠፈ ሁለት ወር ሆኖታል። «ማን ነን? ጥቁር ወጣቶች ስለ ራሳቸው» ይላል። መጀመሪያ ሲያየው «አንቺ ሐበሻ ነሽ፣ እዚህ ምን አገባሽ?» ብሏት ነበር። ፋና ከስልኳ ቀና ብላ «ፖሊስ ሲያስቆመኝ እንደዛ ልበለው?» አለችው። ደንቡ አጭር ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ እውነተኛ ታሪክ አንድ ሥራ ይሠራል፤ አንደኛ የወጣ በጋውን ሙሉ ሎስ አንጀለስ ሥዕል በነፃ ይማራል። ፋና ከዚህ ሌላ ምንም አትፈልግም፤ ስድስት ሳምንት የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ይዛባቸው ሦስቱም ጭናቸው ላይ ሲበሉ ከርመዋል። ወጪውን የሚሸፍነው ሆቴል ደግሞ ሀብተሥላሴ የሚሠራበት ነው። ይህን ሲሰማ እጅግ ነበር የኮራው። የጡረታ ወረቀቱን የፈረመችለትን የሠራተኛ አስተዳደር ሹም ሚስ ዳያንን ኮሪደር ላይ አስቁሞ «የኔ ልጅ አለችበት፣ እንዳትቀሪ» ብሎ የጋበዛትም ራሱ ነው።

መንገድ ላይ፣ አይ ፊፍቲን አውራ ጎዳና ላይ መኪናው ተደርድሮ ሲቆም፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ፋናዬ፣ ሥዕሉ ላይ… ቁጥር አለው እንዴ?»

«የምን ቁጥር?»

«የኔ ዕድሜ።»

«አዎ፣ አለ።» ፊቷን ወደሱ አዞረች። «አንተ ነው የነገርከኝ እኮ አባዬ። እሱ ነው ዋናው ነገር።»

«የሆቴሉ ሰዎች ይመጣሉ።»

«አውቃለሁ። አዘጋጇ ሚስ ሎሬታ ነግራኛለች። በጣም አሪፍ ነው፣ አይደል?» አለች ደስ ብሏት። ጥፍሮቿ ሥር ሰማያዊ ቀለም ነበር። ሀብተሥላሴ ሊል ያሰበውን ነገር አፉ ውስጥ አገላበጠውና «ቀበቶሽን እሰሪ» አላት። ቀበቶዋ ታስሮ ነበር። እስኪደርሱ ድረስ ሁለቱም ሬዲዮ ሰሙ፤ ሬዲዮው ስለ ጥርስ ቀለም ማንጫ ነበር የሚያወራው።

ዌስትሳይድ ያለው የሰፈሩ ማዕከል አዳራሽ ቀን ቀን አዛውንቶች ካርታ የሚጫወቱበት ነው፤ ለዛሬ ጠረጴዛዎቹን አጣጥፈው ወደ ጥግ ገፍተዋቸዋል። ግድግዳው ላይ የልጆቹ ሥራ ዙሪያውን ተሰቅሏል። አንዷ የአያቷን የጸጉር ማበጠሪያዎች በመደዳ ለጥፋለች። ማኑ የሚባል ረጅም ልጅ የታሰረ ወንድሙን ደብዳቤዎች እየሰፋ ካፖርት ሠርቷል፤ ካፖርቱ ማንጠልጠያ ላይ ሆኖ ይወዛወዛል። ሀብተሥላሴ እነዚህን ሁሉ ሳያይ አልፎ የልጁ ሥራ ፊት ቆመ። ስምንት ክፈፎች ናቸው፤ እያንዳንዱ በዶላር ከሩብ የተገዛ። በየክፈፉ አንድ ሕፃን አለ። በመጀመሪያው ነጭ አንሶላ የተጠቀለለ ጨቅላ ነው። በሦስተኛው ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ላይ ተቀምጧል። በሌላው የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፉን ከፍቷል፤ በሌላው ስድስት ሻማ እፍ ይላል፤ በመጨረሻው የትምህርት ቤት ቦርሳ አዝሎ መነጽር አድርጎ ይስቃል። ሁሉም ፊት የሱ ነው፤ ሰፊው ግንባር፣ ጆሮዎቹ፣ የግራ ቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር። ከሥር የገዳሪፉ የስደተኛ ካርድ ፎቶ ኮፒ ተሰቅሎ፣ 1959 የሚለው በቀይ ተከቧል። አጠገቡ ያለው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፤ «አባቴ ከመወለዱ በፊት ስምንት ዓመት ኖሯል፤ በወረቀት። እነዚያን ዓመታት ማንም ስላልኖረለት እኔ ሣልኩለት። አባቴ 59 ዓመቱ ነው። በዚህ ወር በ67 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል።»

አነበበው። መልሶ አነበበው። እሱ በእውነተኛ ልጅነቱ ብስክሌት የነካው አንድ ቀን ነው፤ ብስክሌቱም የተማሪ ቤቱ ዳይሬክተር ንብረት ነበር፤ በጥፊ ተመትቶበታል። ሻማ እፍ ብሎ አያውቅም። ይቺ ልጅ ደግሞ ቁጭ ብላ፣ አንድ በአንድ፣ ልጅነት ሠርታለታለች። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ልጁን ወደዳት፤ ፈራትም። በዚያው ቅጽበት እጁ ሳያዘው ሄዶ የፎቶ ኮፒውን ጠርዝ በጥፍሩ ይልጥ ጀመር።

«ሥራው ላይ እጅ ማሳረፍ አይቻልም» አለ ከኋላው ድምፅ። ሚስ ሎሬታ ናት፤ ኤግዚቢሽኑን ያዘጋጀችው፣ እዚሁ ሰፈር ተወልዳ ያረጀች፣ መነጽሯን በሰንሰለት ያንጠለጠለች ሴት። ሲዞር ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ ጠባሳውን አየችና ፊቷ በራ። «እርስዎ ነዎት» አለች። «ሕፃኑ እርስዎ ነዎት።» ክንዱን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። አያቷ ከሉዊዚያና ሲመጡ ሦስት የልደት ቀን እንደነበራቸው ነገረችው፤ አንዱ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የተጻፈው፣ አንዱ ያሠሯቸው የነበሩት ነጮች የሰጧቸው፣ ሦስተኛው የፋብሪካ ሥራ ለማግኘት ራሳቸው የፈጠሩት። «ስንቀብራቸው የትኛውን ድንጋዩ ላይ እንደምንጽፍ ቤተሰቡ ተጣላ» ብላ ሳቀች። ሀብተሥላሴም ሳቀ። ይህ ነገር የሚገባው ለሐበሻ ብቻ ይመስለው ነበር፤ ሲኖርበት አርባ ዓመት ሊሞላው በተቃረበ አገር፣ «እኛ ሌላ ነን እነሱ ሌላ ናቸው» እያለ ልጅ ባሳደገበት አገር፣ በወረቀት ነው ወይስ በእውነት ብሎ መጠየቅ የማያስፈልጋት ሰው አገኘ። ሚስ ሎሬታ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «ዳኞቹ ጨርሰዋል። ለልጅቷ እንዳይነግሯት፤ አንደኛ ይሄ ነው። ከሁሉም እውነቱ ይሄ ነው።»

የሺዋስ ታክሲውን ደጅ ፓርክ አድርጎ ገባ። ክፈፎቹን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አራጣ አበዳሪ ቤት የተያዘ ዕቃ እንደሚያይ ሰው አያቸው። «ልጅህ ዐቃቤ ሕግ ናት እንዴ?» አለ በአማርኛ፣ አዳራሹ እስኪሰማ። «ወረቀቱን ጨምራ አቀረበችብህ እኮ። የኔን ስድስት ዓመት ደግሞ መሳል አያስፈልጋትም፤ ላጲስ ይበቃታል።» ሀብተሥላሴ አልሳቀም። በበሩ በኩል፣ ከየሺዋስ ትከሻ በላይ፣ ሚስ ዳያን የሆቴሉን ዓርማ ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ከፎቶ አንሺ ጋር ስትገባ አይቷታል። ከበሩ ጀምራ ሥራዎቹን በተራ እያነበበች ነው የምትመጣው። የምታነብ ሴት ናት፤ የጡረታ ወረቀቱን ስትፈርምለትም እያንዳንዱን መስመር በጣቷ እየተከተለች ነበር። ከማበጠሪያዎቹ ወደ ካፖርቱ ስታልፍ ሀብተሥላሴ ተነሣ።

የሚሆነውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አየው። ዕድሜህ ይጣራ ይሉታል፤ ጡረታው ይቆማል፤ ስምንት ዓመት፣ በዚህ ጉልበት፣ ሌላ ስምንት ዓመት ሻንጣ። ያ ብቻ ቢሆን ደግ ነው። ዜግነቱ የቆመው በዚያች ወረቀት ላይ ነው። ይሁን አይሁን አያውቅም፤ ጠበቃ ጠይቆ አያውቅም፤ የማያውቀው ነገር ደግሞ ከሚያውቀው ይበልጥ ያስፈራዋል። ፋና ክፈፎቹ አጠገብ ቆማ ለሁለት ልጆች ስለ ቀለሙ ትነግራቸዋለች። ሄዶ ክንዷን ያዛት።

«ፋናዬ፣ በእግዚአብሔር» አላት። «ቁጥሯን ብቻ።»

«የትኛዋን?»

«አንቺ ታውቂያለሽ። ሴትዮዋ መጣች። ጡረታዬን የፈረመችው እሷ ናት።»

ልጅቷ ሚስ ዳያንን አየች፤ ከዚያ አባቷን አየች። እንዲህ አድርጋ አይታው አታውቅም፤ አንድ ሰው የሚያውቀው ዕቃ ዋጋው ተለውጦ ሲያገኘው እንደሚያየው። ክርክር ይጠብቅ ነበር፤ አልተከራከረችም። ጸጉሯ ውስጥ የሰካችውን ብዕር አወጣች። «ምን ብዬ ልጻፍ አባዬ?» አለችው በትሕትና።

«ስልሳ ሰባት በይ።»

59ኙን ሰርዛ 67 ጻፈች። እንደዚያ ሲሆን የስምንት ዓመቱ ታሪክ ትርጉም አጣ፤ ልጅቷም አየችው፤ ጎንበስ ብላ ከሥሩ «ይህ ታሪክ ከሐሳብ የተፈጠረ ነው» ብላ ጨመረች። ፎቶ ኮፒውን ላጠችና አራት ላይ አጥፋ ለአባቷ ሰጠችው። ሀብተሥላሴ የኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተተው።

ሚስ ዳያን ደረሰች፣ «ጡረተኛችን!» ብላ አቀፈችው፣ ከዚያም በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «በጣም ልብ ይነካል» አለች ለፋና። «እውነተኛ ታሪክ ነው?»

«አይደለም» አለች ፋና። «ዝም ብዬ የፈጠርኩት ነው። አባቴ ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው።» ሀብተሥላሴ ስትዋሽ ሲሰማት የመጀመሪያው ነበር፤ የቤት ሥራዋን ሳትሠራ ስትቀር እንኳን አልሠራሁም የምትል ልጅ ናት። አሁን ግን ጥሩ አድርጋ ዋሸች፤ ኖራበት የለመደችው መስላ።

«ለስልሳ ሰባት ግን ልጅ ነው የምትመስለው» አለችው ሚስ ዳያን፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጋ። «ምሥጢሩን ንገረን።» ፎቶ አንሺው ሳቀ፣ የሺዋስ ሳቀ፣ ሀብተሥላሴም ሳቀ። ሚስ ሎሬታ ብቻ አልሳቀችም። መነጽሯን አድርጋ የተሰረዘውን ቁጥር፣ የተላጠውን ግድግዳ፣ ከዚያም ሀብተሥላሴን ስታይ ቆየች። ልጅቷን አላየቻትም። ወደ ዳኞቹ ጠረጴዛ ሄዳ ጎንበስ ብላ ተነጋገረች።

አንደኛ ማኑ ወጣ፣ ለካፖርቱ። ሚስ ሎሬታ በማይክራፎን ደንቡን አስታወሰች፤ የሚሸለመው ከእውነት የተሠራ ሥራ ነው፤ አለበለዚያ ፍርዱ ለሌሎቹ ልጆች ትክክል አይሆንም አለች። ልጁ እያለቀሰ ሽልማቱን ተቀበለ፤ ፋና ከሁሉም በላይ አጨበጨበችለት። ሚስ ዳያን ግን ማይክራፎኑን ለመነች። ሆቴሉ ስምንቱን ክፈፎች በአራት መቶ ዶላር ገዝቷቸዋል፤ በሠራተኞች መመገቢያ አዳራሽ ይሰቀላሉ፤ ለሠላሳ ስምንት ዓመት አገልግሎት መታሰቢያ፣ ከሥራቸው ሆቴሉ ውስጥ በሚጠራበት አጭር ስም «የ67 ዓመቱ ሀብ» የሚል ይጻፋል። አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሀብተሥላሴም ተነሣ፤ ጉልበቱ እያቃጠለው እንደ ሠርገኛ ግራና ቀኝ እጅ ነሣ። ሁሉ ነገር እንደፈለገው ሆነ። ጡረታው ተረፈ፤ ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ሆቴሉ ዕድሜውን ግድግዳ ላይ ሊያጸድቅለት ነው። ደስ ሊለው ሞከረ፤ እንቢ አለው። የሺዋስ ሲወጣ «አሁንስ ዕጣው ሁለት ጊዜ ወጣልህ» ብሎት ሄደ።

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱ ክፍት ነበር። ሬዲዮውን የከፈተው የለም። ሀብተሥላሴ ይቅርታ የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ አዘጋጀው፤ እሱ ባደገበት ቤት አባት ለልጁ እንዲህ ሲል ሰምቶ ስለማያውቅ ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። «ለከርሞም ውድድር አለ» አላት። ጥፍሯ ሥር ያለውን ቀለም ትፍቅ ጀመር። «በአራት መቶው ጥሩ ቀለም እንገዛለን» አላት። አንገቷን ነቀነቀች። የኖርዝ ላስ ቬጋስ መጋዘኖች መታየት ሲጀምሩ ዞረችበት።

«አባዬ።»

«ወዬ።»

«እኔስ በእውነት ስንት ዓመቴ ነው?»

የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። ፊቷን ሲያየው ሳቁን ተወው።

«አንቺማ እዚሁ ነው የተወለድሽው፤ እኔ ራሴ አጠገብሽ ቆሜ። አሥራ ሰባት ነሽ። ያንቺ ወረቀት ትክክል ነው።»

«እሺ» አለች ፋና በትሕትና። መስኮቱን እያየች፣ «ለማንኛውም እማዬን እጠይቃታለሁ» አለች።